የአስራ ሁለተኛው ቀን አረንጓዴ መብራት

ይቺን ስሙኝ። ቁጭ በሉና ስሙኝ፤ ደግሞ መሃል ላይ "እንዴት ሆኖ?" እያላችሁ አታቋርጡኝ፣ እንዴት እንደሆነ ራሴ ነኝ የምነግራችሁ፣ የሠራሁት እኔ ነኛ! ድሬ ዳዋ ውስጥ፣ በደርግ ጊዜ፣ ቀን የሚያበራ ሰሌዳ ሠርቻለሁ። ወሩን ሙሉ ግድግዳ ላይ ዘርግቶ የተፈለገውን ቀን ብቻ ለይቶ ቦግ የሚያደርግ። አንድ ካርቶን ታስገባለህ፣ ስብሰባ ያለበት ቀን ይበራል። ሌላ ካርቶን ታስገባለህ፣ ሌላ ቀን ይበራል። ሽቦውን አትነካም፣ አምፖሉን አትነካም፣ ካርቶኑን ብቻ ነው የምትቀይረው። ዛሬም ስለሱ ሳወራ ደረቴ ይነፋል። ይነፋ! ማን ከለከለኝ።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ወጣሁ ከምል አስወጡኝ ብል ይሻላል፤ ምላሴ ናት ጉዴን ያፈላችው። ከዚያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባሁ፣ ሽመና ክፍል፣ ማሽን ዘይት የሚቀባ ሆኜ። እዚያ ከሌሎቹ ተለይታ ጥግ ላይ የቆመች አንዲት ማሽን ነበረች፣ አበባ ያለው የአልጋ ልብስ የምትሠራ። ከላይዋ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው ወፋፍራም ካርቶኖች በገመድ ተሰፍተው እንደ ሰንሰለት ይዞራሉ። አፌን ከፍቼ አያቸዋለሁ። ማሽኗን የሚጠግነው ሰውዬ፣ ጥርሱን ጫት የጨረሰው ሽማግሌ፣ አንድ ቀን ጆሮዬን ይዞ "ምን ያስፈጥጥሃል?" አለኝ።

"አበባውን ማነው የሚነግራት?" አልኩት።

"ካርቶኑ ነዋ። ቀዳዳ ካለ ክሩ ይነሳል፣ ቀዳዳ ከሌለ ክሩ ይተኛል።"

"በቃ?"

"በቃ አልኩህ እኮ ወርያ! አበባ ስትፈልግ አበባ ብሳ፣ ወፍ ስትፈልግ ወፍ ብሳ። ማሽኗ ምን አገባት፣ የታዘዘችውን ነው የምትሠራው።"

ይቺ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። ትምህርት ቤት አንድም ነገር እንዲህ ገብቶኝ አያውቅም። ከፋብሪካውስ? ከፋብሪካውም ወጣሁ። ስብሰባ ላይ "ጥያቄ ያለው" ሲሉ እጄን አወጣሁና "አበባ ያለው አልጋ ልብስ የምንሠራው እኛ፣ ጆንያ ላይ የምንተኛው እኛ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው?" አልኩ። ጥያቄ ያለው ሲሉ ጥያቄ የሌለውን ሰው እየፈለጉ እንደሆነ ማን ነገረኝ? በሳምንቱ ውጣ ተባልኩ። ከዚያ ለገሃሬ ሰፈር አጠገብ የመኪና ኤሌትሪክ የሚሠራ ጋራዥ ገባሁ። እዚያ ደግሞ ምላስ አይጠየቅም፤ መኪናው ከበራ በራ፣ ካልበራ አልበራም።

አሁን ሰፈሬን ልንገራችሁ። ቀበሌያችን ደቻቱን ተሻግሮ የተዘረጋ ነበር። ደቻቱ ወንዝ ነው ይሉታል፤ ውሃ የሚያየው ጋራው ላይ ሲዘንብ ብቻ ነው፣ ያኔ ጎርፉ ያገኘውን ጠራርጎ ይሄዳል፣ ከዚያ ተመልሶ አሸዋ ነው። እኛም አሸዋው ነው የምንለው። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ አዳራሹና የቀበሌው ሱቅ ከአሸዋው ወዲያ፤ እኛ ከአሸዋው ወዲህ። ድምፅ ማጉያ የጫነችው መኪና "ስብሰባ አለ፣ የቀረ ወዮለት" እያለች ስትጮህ አሸዋውን ተሻግራ ደጃችን ድረስ ትመጣለች። ስኳር ሲመጣ ግን አሸዋው ጎማዋን ይይዛት ነው መሰለኝ አትሻገርም።

የዚያን ጊዜ ስኳር እንደልብ የሚገዛ ነገር አይደለም፤ በራሽን ነው፣ ከቀበሌ ሱቅ ነው። ቀኑን ያወቀ ያገኛል፣ ያላወቀ "አለቀ" ይባላል። የኛ ማዶ ሰው ደግሞ ቀኑን አውቆ አያውቅም።

እናቴ ሙሸበክ ሻጭ ናት። ድሬ ላደገ ሰው ሙሸበክ ምን እንደሆነ አልነግረውም፣ ይሰድበኛል። ላላደገው ግን፣ ሊጥ ነው፤ የፈላ ዘይት ውስጥ እየተጠማዘዘ ይጠበስና ትኩሱን የስኳር ውሃ ውስጥ ይነከራል። ያለ ስኳር ከሆነ የተጠበሰ ገመድ በለው። ረመዳን ሲገባ፣ ማታ ለማፍጠር ሰዉ ሁሉ የሷን ሳህን ነው የሚከበው። ረመዳን የእናቴ ዓመቷ ናት። በዚያች ወር የሸጠችውን ነው ዓመቱን ሙሉ የምንበላው፤ የቤት ኪራዩም ከሷ፣ የታናናሾቼ ደብተርም ከሷ። ከጥቁር ገበያ ስኳር ገዝታ ብትሠራ ደግሞ ትርፉ አየር ነው። ያለፈውን ረመዳን መጥበሻዋን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ነበር ያሳለፈችው። በየሁለት ቀኑ አሸዋውን ትሻገራለች፣ ባለ ሱቁ ምላጭ የመሰለ ፈገግታውን ያወጣና "እናቴ፣ ትናንት አለቀ" ይላታል።

አንድ ቀን አብሬያት ነበርኩ። "አቦ፣ እዚህ ሱቅ ዛሬ የሚባል ቀን አልመጣላችሁም እንዴ? ሁልጊዜ ትናንት ነው?" አለችው። ሰዉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ባዶ ሳፋዋን ራሷ ላይ አድርጋ አሸዋውን ስትሻገር ከኋላዋ እየሄድኩ ነበር። ይሄኛው ረመዳን እንደዚያኛው ከሆነ ታናናሾቼ ትምህርት አይኖራቸውም፤ ሁለታችንም እናውቃለን፣ ሁለታችንም አልተናገርነውም።

በዚያ ሰሞን ነው ሊቀመንበሩ ጋራዥ ድረስ ሰው ልኮ ያስጠራኝ። ካኪውን ለብሶ፣ ሽጉጡን ጎኑ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል።

"አንተ ነህ አሉ መብራት የምታውቀው።"

"ነኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ምላስህንም ነግረውኛል።"

"እሷን አላመጣኋትም ጓድ፣ ጋራዥ አስቀምጫት ነው የመጣሁት።"

አልሳቀም። ነገሩን ነገረኝ። ከላይ፣ ከአዲስ አበባ፣ ሞዴል ቀበሌ የሚመርጥ እንግዳ ይመጣል። ጎረቤት ያለው ቀበሌ ሐውልት አቁሟል። የኛም ታይቶ የማይታወቅ ነገር ማሳየት አለበት። እሱ ያሰበው ትልቅ ግድግዳ ላይ የተሳለ የቀን መቁጠሪያ ነው፤ የስብሰባ ቀን፣ የዘመቻ ቀን በቀይ ቀለም የተከበበበት።

"በየወሩ ግድግዳ ልትቀቡ ነው?" አልኩት። "ለምን መብራት አይሆንም? የሚፈለገው ቀን ብቻ ይብራ፣ በየወሩ ይቀየር።"

"ይቻላል?"

"አበባ ከተቻለ ቀን አያቅትም።"

ምን እንዳልኩ አልገባውም፣ እኔም አላስረዳሁትም።

ሥራውን ልንገራችሁ፣ እዚህ ላይ ዝም ብላችሁ ስሙ። ትልቅ የእንጨት ሳጥን ሠራሁ፣ እንደ ንብ ቀፎ ሠላሳ ክፍል ያለው። ፊቱን አቡጀዲ ወጠርኩበትና ከአንድ እስከ ሠላሳ ጻፍኩበት። የፈረንጅ ወር ቢሆን ኖሮ አብጄ ነበር፤ አንዱ ሠላሳ፣ አንዱ ሠላሳ አንድ፣ አንዱ ሃያ ስምንት። የኛ ወር ግን ጨዋ ነው፣ ሠላሳ ካለ ሠላሳ ነው። ጳጉሜ ስትመጣ እረፍት እወጣለሁ አልኩ። ሰኞ ማክሰኞ የተጻፈበትን እንጨት ብቻ በየወሩ ገፋ ማድረግ ነው። በየክፍሉ ከሞቱ መኪኖች የፈታሁትን ትናንሽ አምፖል አስገባሁ። ቀይ ቀለም አጣሁ፤ የጎረቤታችን ልጅ ለሰርጓ ያስቀመጠችውን የጥፍር ቀለም ሰጠችኝ፣ አምፖሎቹን እንደ ሙሽራ ጥፍር ቀባኋቸው። ኃይሉ ከመኪና ባትሪ ነው።

ዋናው ነገር ከኋላ ነው ያለው። ከኋላ ትንሽ በር አለች። በሯ ላይ ለእያንዳንዱ ቀን አንዳንድ ሚስማር፣ ከሚስማሮቹ ፊት ለፊት የመዳብ ቆርቆሮ። በሯን ስትዘጋት ሚስማሮቹ ሁሉ ቆርቆሮውን ይነኩና ሁሉም አምፖል ይበራል። መሃላቸው ካርቶን ካስገባህ ግን ካርቶኑ ይከለክላቸዋል። ካርቶኑ የት ላይ ነው የተበሳው? አምስት ላይ? የአምስት ሚስማር ብቻ ያልፋል፣ አምስት ይበራል። ቀዳዳ ካለ ይበራል፣ ከሌለ ይተኛል። ሽማግሌው እንዳለው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። የአንድ ወር ትእዛዝ አንድ ካርቶን ነው። መበሻዬን ይዤ ስቀመጥ ከሊቀመንበሩ በላይ እኔ ቀን የማዝዝ ሰው ነበርኩ።

መስቀያ ቦታ ላይ ተጣላን። እሱ ዋናው መንገድ ላይ፣ ወዳጆቹ ቤት ፊት ለፊት ይሰቀል አለ። ያ ግድግዳ ላይ ግን የአብዮቱ አባቶች የሚባሉት ሦስቱ ፂማሞች በቀለም ተስለዋል፣ እያንዳንዳቸው የበር ቁመት ያክላሉ።

"እሺ፣ እነሱ ላይ ልስቀለው?" አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። "አብደሃል? እነሱን ሸፍነህ እኔን ልታስበላ ነው?"

የቀረው ባዶ ግድግዳ አንድ ብቻ ነው፣ ፊቱን ወደ አሸዋው ያዞረው የሱቁ ጎን። ወደ እኛ የሚያየው! እዚያ ሰቀልነው። መጀመሪያ ያበራሁት ማታ የኛ ማዶ ሰው ሁሉ ወጥቶ አሸዋው ላይ ቆመ። አንዱ ሽማግሌ "ማሻአላህ፣ ቀንም መብራት ገባለት፣ ለኛ ቤት መቼ ይገባልን ይሆን" አለ። እናቴ እጇን ከሊጥ ሳትታጠብ መጥታ ከሩቅ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። አየችኝ ብቻ። ለኔ ያ በቂዬ ነበር።

በሁለተኛው ወር ሊቀመንበሩ ድጋሚ ጠራኝ። በሩን ዘጋ።

"ሌላ ቀለም መጨመር ትችላለህ?"

"ምን ዓይነት?"

"አረንጓዴ። እኔ በምነግርህ ቀን ላይ ይብራ።"

"የምን ቀን ነው እሱ?"

"የምንም አይደለም። ለጌጥ ነው።"

"ለጌጥ ከሆነ ሠላሳውም ላይ ላድርገው፣ ያምራል።"

"የነገርኩህ ቀን ላይ ብቻ አልኩህ!"

እሺ። በየክፍሉ ሁለተኛ አምፖል ጨመርኩ፣ በሯ ላይ ለየቀኑ ሁለተኛ ሚስማር፣ ካርቶኑ ላይ ሁለተኛ መስመር። አረንጓዴውን ከጅቡቲ በኮንትሮባንድ በሚገባው የከረሜላ ላስቲክ ጠቀለልኩት። ለዚያ ወር ስድስት ላይ አብራ አለኝ፣ አበራሁ።

ስድስት ዕለት ጠዋት ባትሪ ልቀይር ሄድኩ። የሱቁ በር ላይ በጠመኔ "ስኳር የለም" ይላል። እኔ በጓሮ በኩል መሰላል ፍለጋ ዞርኩ። በጓሮ በር ባለ ሱቁ ሚዛኑን ይዞ ቁጭ ብሏል፤ የሊቀመንበሩ ሚስት እህት፣ የቀበሌው ጥበቃ እናት፣ የጸሐፊው ሚስት፣ ሁሉም ዘንቢላቸውን በነጠላ ሸፍነው ይወጣሉ። የአንዷ ዘንቢል ተቀዶ ስኳሩ ከኋላዋ መሬቱ ላይ ነጭ መስመር ያሰምራል። ለጓደኛዋ ስትነግራት ሰማኋት፦

"ድሮ ያ ጥበቃ ቤት ለቤት እየዞረ ሲያንኳኳ ጎረቤት ሁሉ ያፈጥብን ነበር፣ ታስታውሻለሽ? አሁን ግልግል ነው። ጥጉን ዞር ብለሽ አረንጓዴዋን ማየት ነው።"

መሰላሉን ይዤ ቆምኩ። ጥጉን ዞሬ ቀና ብዬ ሰሌዳዬን አየሁት። ስድስት ቁጥር፣ በከረሜላ ላስቲክ፣ በኔ አምፖል፣ በኔ ቀዳዳ፣ አረንጓዴ ሆና ትበራለች። የሌባ መጥሪያ አድርገዋታል! እናቴን "ትናንት አለቀ" የሚሏትን ቀን እኔው በእጄ በስቼ ሰጥቻቸዋለሁ። መሰላሉን አንስቼ ሰሌዳውን ልሰብረው ነበር፣ ወላሂ። ከዚያ ግን አሰብኩ። ሰብሬው ምን? ነገ ያ ጥበቃ ማንኳኳቱን ይጀምራል፣ እኛም ተመልሰን ዓይነ ስውር እንሆናለን። አሁን ቢያንስ ቀኑ ግድግዳ ላይ ተጽፏል፣ ያውም በኛ ፊት ለፊት።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ስቸኩል እየተንተባተብኩ ነገርኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ለሌላ ለማን ነገርክ?"

"ለማንም።"

"ለማንም አትንገር።"

"እማ! እንዴት እንዲህ ትያለሽ? ነገ ወጥቼ እጮሃለሁ፣ ድምፅ ማጉያ አያስፈልገኝም!"

"ልጄ፣ አንተ ስትጮህ ሰው የሚሰማው ያንተን ድምፅ ነው። እነሱም የሚይዙት ያንን ድምፅ ነው። ዝም በል አልኩህ።"

ፈራች ብዬ አኮረፍኳት። ምግብ እንኳ አልበላሁም።

የሚቀጥለው ወር ደረሰ። በወሩ መጨረሻ ረመዳን ይገባል። እናቴ መጥበሻዋን ከግድግዳ አውርዳ አሸዋ ይዛ ፈተገችው፣ ከዚያ መልሳ ሰቀለችው። ሊቀመንበሩ የወሩን ቀኖች ሰጠኝ። አስራ አንድ ቀይ፣ እንግዳው የሚመጣበት። አስራ ሁለት አረንጓዴ። ደግሞ ደስ ብሎት "የሙስሊሙን ጾም መግቢያም አብራው፣ እንግዳው ይወድልናል" አለኝ።

"ጨረቃዋን ጠይቃትና ንገረኝ ጓድ። እኔ የምበሳው ካርቶን ነው፣ ሰማይ አልበሳም።"

አሁን የሰውዬውን ስህተት ተመልከቱ። ድሬ ተወልዶ፣ ድሬ አድጎ፣ ባቡር በቀኗ ትመጣለች ብሎ ያምናል! እንግዳው አስራ አንድ በባቡር ይገባል፣ ሰሌዳውን ያያል፣ ማታ ያርፋል፣ በነጋታው ማለዳ ወደ ሐረር ይወጣል፣ እኛ ደግሞ በጓሮ ስኳራችንን እንቀዳለን ብሎ አስቧል። አስራ አንድ ዕለት ሕፃናቱ ባንዲራ ይዘው፣ የኪነቱ ቡድን ከበሮ ይዞ ባቡር ጣቢያው ላይ በፀሐይ ሲቃጠሉ ዋሉ። ባቡሩ የለም። ጎርፍ ሐዲዱ ላይ አሸዋ ጭኖበት መንገድ ላይ ቆሟል ተባለ። አያችሁ፣ አሸዋው ለአንድ ቀን እንኳ በኛ በኩል ቆመ!

አስራ ሁለት ዕለት ገና ሰማዩ ሲቀላ ጥበቃው በሬን ሊገነጥለው ደረሰ።

"ተነስ! ባቡሩ ገብቷል! ጓድ ይጠሩሃል!"

አሸዋውን በሩጫ ተሻገርኩ። ሊቀመንበሩ ሰሌዳው ሥር ቆሟል፣ ካኪው ጀርባው ላይ ረጥቧል። ግድግዳው ጠዋት ጠዋት ጥላ ነው፣ አስራ ሁለት ቁጥር ቁልጭ ብላ አረንጓዴ ትበራለች።

"አረንጓዴውን አጥፋልኝ። ቶሎ!"

"አይጠፋም ጓድ።"

"እንዴት አይጠፋም? ካርቶኑን አውጣዋ!"

"ካርቶኑን ካወጣሁት ሚስማሮቹ ሁሉ ይነካሉ። ሠላሳውም ቀን አረንጓዴ ይሆናል።"

"ሠላሳውም?" አለና ወደ ባትሪው ጠቆመ። "ባትሪውን ንቀለዋ!"

"እንግዳው ሰሌዳ እንጂ ጨለማ ሊያይ ነው እንዴ የመጣው? ሞዴሉስ?"

ቁራጭ ካርቶን ወስዶ ያቺን አንዲት ቀዳዳ መድፈን ይቻል ነበር፣ የጣት ሥራ ናት። አልነገርኩትም። ብትጠይቁኝ ዛሬም አልነግረውም።

ይሄኔ መኪናዋ መጣች። እንግዳው ወፍራም መነጽር ያደረገ አጭር ሰውዬ ነው፣ ኮቱ የባቡር አቧራ ለብሷል፣ እንቅልፍ አልጠገበም፣ ፊቱ ተኮማትሯል። ሰሌዳውን ሲያይ ግን ፊቱ ተፈታ። ቀረብ አለ፣ ራቅ አለ።

"ይገርማል። ቀዩ ምንድነው?"

"የስብሰባና የዘመቻ ቀን ነው ጓድ" አለ ሊቀመንበሩ።

"ይቺ አረንጓዴዋስ? አስራ ሁለት ዛሬ አይደለም እንዴ?"

ሊቀመንበሩ አየኝ። እኔ ሰማዩን አየሁ።

"የችግኝ… የችግኝ ተከላ ቀን ነው ጓድ!"

ይሄን ቃል ከአፉ እንዳወጣ፣ አሸዋው ላይ ሰው ታየ። አንድ ሁለት መስለውኝ ነበር። ከዚያ በዙ። ከዚያ አሸዋው አልታይ አለ። የኛ ማዶ ሴቶች ሁሉ! ሶማሌዋ፣ ኦሮሞዋ፣ አደሬዋ፣ ነጠላ የለበሰችዋ አማራ፣ ዘንቢል የያዘች፣ ጆንያ የያዘች፣ የዱቄት ወተት ጣሳ የያዘች፣ አንዷማ ትራሷን አራግፋ የትራስ ጨርቁን ይዛ መጥታለች። "ካላይ፣ ካላይ"፣ ነይ ነይ እየተባባሉ፣ እየተጠራሩ። ከፊት፣ ሳፋዋን ራሷ ላይ አድርጋ፣ እናቴ!

ያኔ ገባኝ። ያን ሁሉ ቀን እኔ ሳኮርፍ እሷ ቡን ለመፍጨት የሄደችበት ቤት፣ እሳት ለመጫር የገባችበት ቤት፣ ለቅሶ የደረሰችበት ቤት፣ አንዲት ቃል ጣል እያደረገች ነው የወጣችው። አረንጓዴ። ድምፅ አልነበረውም፣ የሚይዙት ነገር አልነበረም።

እንግዳው መነጽሩን አስተካከለ። "ይሄ ሁሉ ሕዝብ ችግኝ ሊተክል ነው የመጣው?"

"አዎ ጓድ" አለ ሊቀመንበሩ። "ሕዝባችን የነቃ ነው።"

"ችግኙስ የታለ?"

እንግዳው ወደ እናቴ ዞረ። "እናቴ፣ ምን ልትተክሉ ነው?"

እናቴ ሳፋዋን ከራሷ አወረደች። "ስኳር፣ ልጄ።"

"ስኳር?"

"አዎ። ይሄ አረንጓዴ ሲበራ እዚህ ቤት ስኳር ይወጣል። በጓሮ በኩል ነው የሚበቅለው።"

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ባለ ሱቁ ከጓሮ ብቅ ብሎ "ውሸት ነው ጓድ፣ ስኳር የለም፣ ቁልፉንም ቤት ረስቼው ነው" ብሎ ጮኸ። ጮኾ ሳይጨርስ የሊቀመንበሩ ሚስት እህት፣ ምንም የማታውቅ፣ በጥጉ ዞራ ብቅ አለች። ዘንቢሏ ሞልቶ ነጠላው አልሸፍን ብሎታል። ሕዝቡን አየች። እንግዳውን አየች። "ውይ" አለች፣ በቃ ይቺን ነው ያለችው።

ሱቁ ተከፈተ። ቁልፉ ከባለ ሱቁ ኪስ ነው የወጣው። ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። እንግዳው ደግ ሰው ነበር ብዬ አልዋሻችሁም፤ አብሮት ካሜራ የያዘ ሰው ነበረ፣ ይሄ ሁሉ ሕዝብ እያየው ደግሞ ሌላ ምን ያድርግ? "በሰልፍ ይመዘን" አለ። ባለ ሱቁ ሲመዝን እናቴ ዓይኗን ከሚዛኑ ምላስ አልነቀለችም። "ጣትህን አንሳ፣ ጣትህን አልገዛሁም" አለችው።

እንግዳው ወደኔ መጣ። "ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?"

ጠብቄያት ነበር ይቺን ጥያቄ! የኋላዋን በር ከፈትኩ፣ ካርቶኑን አሳየሁት፣ ቀዳዳዋን አሳየሁት። ከዚያ ካርቶኑን መዥርጬ አወጣሁና በሯን ዘጋሁ። ሠላሳው ቀን በሙሉ ቦግ! ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ! ከሰልፉ ውስጥ አንዷ "ሠላሳውም ቀን ስኳር ነው!" ብላ ጮኸች፣ እልልታው ተነሳ፣ አሸዋው አስተጋባ፣ ካርቶኑን በእጄ ይዤ ቆምኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ጠዋት ረዝሜ አላውቅም።

ከዚያ በኋላስ? እንግዳው ምሳውን በልቶ ሐረር ሄደ። እሱ ዞር ከማለቱ ሊቀመንበሩ እኔን "የመንግሥት ንብረት ያለ ትእዛዝ አብርቷል" ብሎ ቀበሌው እስር ቤት አስገባኝ። ረመዳን እዚያ እያለሁ ገባ። ማታ ማታ እናቴ ትኩስ ሙሸበክ ይዛ ትመጣለች፤ ጥበቃዎቹ መጀመሪያ ይፈትሹታል፣ ፍተሻው ግማሹን ይጨርሰዋል፣ ቀሪው ይደርሰኛል። ጣቴን ስልስ የስኳሩ ውሃ ይጣበቃል። ያኔ እስር ቤት ውስጥ ብቻዬን እስቅ ነበር፣ ጥበቃው "ምን ያስቅሃል አንተ?" ሲለኝ "አስራ ሁለት" እለዋለሁ። ስወጣ ታናናሾቼ አዲስ ደብተር ይዘው በራፍ ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። እናቴ መጥበሻዋን ወደ ግድግዳው አልመለሰችውም።

ሊቀመንበሩ አልታሰረም፤ ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛወረ አሉ፣ እዚያም ሊቀመንበር ሆኖ። አዲሱ መጥቶ አረንጓዴ አምፖሎቹን በሙሉ አስፈታኝ። ቀዩ ብቻ ይቅር አለ። ይቅር! የኛ ማዶ ሰው ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ቀይ በበራ ቁጥር፣ ለስብሰባ፣ ለዘመቻ፣ ለምንም ይሁን፣ ዘንቢሉን ይዞ ነው አሸዋውን የሚሻገረው። አዳራሹ ውስጥ ካድሬው ሲናገር ባዶ ዘንቢል ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያየዋል። ባለ ሱቁም "ትናንት አለቀ" የምትለዋን ቃል ረሳት።

ሰሌዳው አቡጀዲው ተቀዶ፣ እንጨቱን ምስጥ በልቶት አለቀ። ያን ካርቶን ግን አልጣልኩትም፣ አስራ ሁለት ላይ የተበሳውን። አሁንም በአሸዋው ዳር ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ ዛፍ ይፈልጋል። ሥሩ ቁጭ ልበል ብዬ፣ ከፀሐዩ ልጠለል ብዬ። አሸዋና ፍየል ብቻ ነው ያለው። እና እናንተ፣ ካኪያችሁን አውልቃችሁ ዛሬ በሸሚዝ የምትንሸራሸሩት፣ እናንተን ነው የምጠይቀው፦ ያቺ ቀን የችግኝ ቀን ከነበረች፣ ችግኙ የታለ?